ከመግዛትዎ በፊት ወደ ኋላው ይዙሩ

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ሥዕል ገዝቼ አውቃለሁ፤ አሁን ደግሞ የዘመናችንን ቅርጻ ቅርጽ ቀስ በቀስ መሰብሰብ አስቤአለሁ። ሦስት ነገሮች ቀርበውልኛል፤ ፎቶግራፋቸውን አያይዣለሁ። አንዱ «ነሐስ ነው» የተባለ የእናትና ልጅ ምስል፣ ሁለተኛው ከአሮጌ የመኪና ዕቃ ተበይዶ የተሠራ የሰው ቁመት ያለው አባ ኮዳ (ያ ትልቁ የሐይቅ ዳር ወፍ)፣ ሦስተኛው «ከጥንት መቃብር የመጣ» የተባለ የእንጨት ምስል ነው። የትኛውን ልግዛ? ቅርጻ ቅርጽስ ከንጉሥ ሐውልት ተነሥቶ ብረት ለቃቅሞ እስከ መበየድ እንዴት ደረሰ? ባለቤቴ አባ ኮዳውን «የጋራዥ ትራፊ» ብላዋለች፤ የምመልስላት አጣሁ።

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከሦስተኛው ልጀምር፤ ብዙ አያነጋግርም። አይግዙት። የእንጨቱ ምስል ሻጩ እንዳለው በእርግጥ ከመቃብር ላይ የመጣ ከሆነ የተነቀለ፣ ማለትም የተሰረቀ ነው፤ ካልሆነም ትናንት ተጠርቦ በጭስና በጭቃ ያረጀ ማታለያ ነው። በደቡብ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ዕቃ ሲዞር የኖረው በአብዛኛው በኮንሶ ዋካ ስም ነው። ዋካ ለጀግና ወይም ለትልቅ ሰው መታሰቢያ የሚቆም የእንጨት ምስል ሲሆን፣ ብቻውንም አይቆምም፤ ባለታሪኩ መሐል ይሆናል፣ ሚስቶቹ ከጎኑ፣ የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎች ከዚያ ቀጥለው በረድፍ ይሰለፋሉ። ከረድፉ አንዱ ሲነቀል የቀሩት ምን ለማለት እንደቆሙ ይጠፋል። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ም እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ተራ ሸቀጥ አያየውም። ሻጩን ከየት እንዳገኘው የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቁት። ንግግሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

አሁን ወደ ሁለቱ እንምጣ። የታሪክ ጥያቄዎንና የግዢ ጥያቄዎን ለያይቼ አልመልስም፤ ምክንያቱም ሁለቱ ዕቃዎች የቅርጻ ቅርጽን ያለፈ መቶ ሃምሳ ዓመት ተካፍለው በርዎ ላይ ቆመዋል። ሰው ቅርጻ ቅርጽ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ሰብሳቢ ግን «እንዴት ተሠራ?» ብሎ ቢጀምር ይሻለዋል። ዘመናዊው ቅርጻ ቅርጽ የተለወጠው በምን ምስል ላይ እንደሚሠራ ሳይሆን በአሠራሩ ነው፤ የሚከፍሉት ገንዘብም፣ የሚታለሉበት ቀዳዳም፣ ሥራው ከሃያ ዓመት በኋላ የሚኖረው መልክም እዚያው አሠራሩ ውስጥ ናቸው።

ከጥንት የሚታወቁት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ መፈልፈል ነው፤ ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ላይ እየቀነሱ መሄድ። የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ያየ ሰው ይህን ማስተማር አያስፈልገውም፤ ከላይ ወደ ታች ከአንድ አለት የወጣ ነው። ሁለተኛው በጭቃ ወይም በሰም እየጨመሩ ማበጀትና ከዚያ ወደ ብረት መለወጥ ነው። ይህንንም የመስቀል ሠሪዎቻችን ለዘመናት ያውቁታል፦ ምስሉ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለበጣል፣ ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በባዶው ቦታ የቀለጠ ነሐስ ይፈስሳል። የእርስዎ እናትና ልጅ፣ እንደተባለው ነሐስ ከሆኑ፣ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው።

ነሐስ መሆናቸውን ግን በፎቶግራፍ አልፈርድም። የማረጋገጫው መንገድ ቀላል ነው። በኪስዎ ትንሽ ማግኔት ይዘው ይሂዱ። ነሐስ ማግኔት አይስብም፤ ከያዘ ውስጡ ፌሮ ወይም ላሜራ አለ። ካልያዘም ገና ነሐስ ነው ማለት አይደለም፤ ፋይበርግላስም (በሬዚን፣ ማለትም በሚደርቅ ሙጫ የተያያዘ የመስታወት ክር) አይስብም። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ሳትጠነክር ይሂዱና መዳፍዎን ያሳርፉበት፤ ነሐስ የእጅን ሙቀት ወዲያው ስለሚወስድ ቀዝቃዛ ነው፤ ሬዚን ግን ቶሎ ይሞቃል። በጣትዎ አንጓ መታ መታ ያድርጉት፤ ነሐስ እንደ ደወል ያቃጭላል፣ ፋይበርግላስ ደረቅ ድምፅ ይሰጣል። አንዱን ጎን ከፍ ያድርጉ፤ ነሐስ ከእኩል መጠን ውኃ ስምንት እጥፍ በላይ ስለሚመዝን አንድ ሰው በቀላሉ ካነሳው ይጠርጥሩ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሥሩ ነው። ገልብጠው ውስጡን በስልክዎ መብራት ይዩት። የነሐስ ሥራ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ባዶ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ሆኖ ይታያል፣ በየቦታው የተገጣጠመበት ብየዳ አለ፣ ከጥጋጥጉ የተቃጠለ የጭቃና የአሸዋ ቅሪት አይጠፋም። ፋይበርግላስ ከሆነ እንደ ደረቀ ገለባ የተጋደመ የመስታወት ክር ያያሉ። ሻጩ ሥሩን ለማሳየት ካመነታ መልሱን አግኝተዋል።

ፋይበርግላስ ነውር የለበትም። በአደባባዮቻችን ላይ ከሩቅ ነሐስ የሚመስሉ ብዙ ሐውልቶች ከፋይበርግላስ ወይም ከሲሚንቶ ተሠርተው የነሐስ ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ ነሐስ ማቅለጫ፣ መዳብና ቆርቆሮ፣ ነዳጅና የለመደ ሰው ይፈልጋል፣ ይህ ሁሉ ባንድ ላይ በቀላሉ አይገኝም። ነውሩ በነሐስ ስምና ዋጋ መሸጡ ነው። ፋይበርግላስን በስሙ ከገዙ፣ ፀሐይ ከጊዜ ጋር ሬዚኑን እንደምታጎሳቁለው፣ ቀለሙ እንደሚነጣና ክሩ ብቅ እንደሚል አውቀው በረንዳ ውስጥ ያቆሙታል።

ነሐስ ሆኖ ቢገኝስ? ያን ጊዜ ጥያቄው «ስንት ናቸው?» ይሆናል። ቀራጺው የነካው ጭቃውን ነው። ከጭቃው ሞልድ (ቅርጹ የሚገለበጥበት ቅርፊት) ወጣ፣ ከሞልዱ ሰም ወጣ፣ ከሰሙ ነሐስ መጣ። ሞልዱ እስካለ ድረስ እናትና ልጅዋ ሁለት መቶ ቦታ ሊወለዱ ይችላሉ። በፈረንሳይ ሥርዓት አንድ የነሐስ ሥራ «ኦሪጅናል» ተብሎ እንዲቆጠር ከአሥራ ሁለት ቅጂ መብለጥ የለበትም፦ ስምንቱ ለሽያጭ ቁጥር ይወጣላቸዋል፣ አራቱ የቀራጺው ድርሻ ይሆናሉ። «3/8» የሚል ጽሑፍ ከእግሩ ሥር ቢያዩ ከስምንቱ ሦስተኛው ማለት ነው። ሦስተኛ መሆኑ ዋጋውን አይቀንሰውም፤ ጠቅላላው መታወቁ ነው ዋጋ የሚሰጠው። የስዊዘርላንዳዊው ቀራጺ የአልቤርቶ ጃኮሜቲ ጣቱን ወደ ሩቅ የሚዘረጋ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የተሠራው (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያላልኩባቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ስድስት ቅጂና አንድ የቀራጺው ድርሻ እያለው በ2015 በጨረታ ከ141 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። በሌላ በኩል ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤድጋር ዴጋ በሕይወት ሳለ ለሕዝብ ያሳየው አንድ ቅርጻ ቅርጽ ብቻ ነው፤ በ1881 ለእይታ የቀረበች፣ በሰም የተሠራች፣ እውነተኛ ቀሚስና ፀጉር የተደረገላት የአሥራ አራት ዓመት ዳንሰኛ። ዛሬ በየሙዚየሙ የምትታየው የነሐስ ዳንሰኛ ግን እሱ በ1917 ከሞተ በኋላ የተፈሰሰች ናት። ስለዚህ ቀራጺዎን በግልጽ ይጠይቁ፦ ስንት ይፈስሳል? እስካሁን ስንት ወጣ? ሞልዱ ማን እጅ ነው? መልሱ በጽሑፍ ይሁን።

የንጉሡ ሐውልት ወደ ታች መውረድ የጀመረውም ከዚህ ከጭቃና ከነሐስ ወገን ነው። ፈረንሳዊው ቀራጺ ኦጉስት ሮዳን በ1877 ያሳየው የቆመ ወጣት ከመጠን በላይ ሕያው ሆኖ ስለታየ «ከሰው ገላ ላይ በቀጥታ ሞልድ ወስደሃል» ተብሎ ተከሰሰ። ከዚያ በኋላ በሠራቸው ሥራዎች ላይ የጣቱን አሻራ፣ የሞልዱን መጋጠሚያ መስመር ሳይቀር ሳያጠፋ መተው ልማዱ ሆነ፤ ተመልካቹ ጭቃውን በነሐሱ ውስጥ እንዲያይ። ከዚህም የባሰ ድፍረት አደረገ። የፈረንሳይዋ ካሌ ከተማ ለስድስት ጥንታዊ ዜጎቿ መታሰቢያ ስታሠራው፣ ገመድ አንገታቸው ላይ ያሰሩ፣ የፈሩና የተጨነቁ ሰዎች አድርጎ ሠራቸው፤ ከመሬት ብዙም ከፍ ሳይሉ ከመንገደኛው ጋር ትከሻ ለትከሻ እንዲቆሙም ፈለገ። ከተማዋ እሺ አላለችም፤ በ1895 በከፍታ መደብ ላይ አቆመቻቸው። ዝቅ ያሉት ሮዳን ከሞተ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ጣልቃ የምገባው፣ ይህ የመደብ ጉዳይ ለእኛ አዲስ ስላልሆነ ነው። ከሐዋሳ በጠዋት ቢነሱ ወደ ዲላ ሄደው ለመመለስ አንድ ቀን ይበቃዎታል። የትክል ድንጋይ ሥፍራዎቹ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቱቲ የሚገኙበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ትክል ድንጋዮቹ መደብ የላቸውም፤ ከአፈሩ ውስጥ ወጥተው ቆመዋል፣ በዙሪያቸው የእንሰትና የቡና ማሳ ነው። ቱቱ ፈላ ላይ የሰው ፊት የተቀረጸባቸው አሉ፤ ዓይንና አፍንጫ ለመስጠት ጠራቢው የወሰደው ድንጋይ በጣም ጥቂት ነው፤ የቀረውን ለድንጋዩ ትቶለታል። አውሮፓውያን ቀራጺዎች በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በጥረት የደረሱበትን ቁጥብነት እዚያ ያገኙታል። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይህን ጉዞ ያድርጉ፤ ዓይንዎ ይለወጣል። የሚገዙትም ነገር ከእነሱ ጋር ሲነጻጸር ወሬ የሚያበዛ መሆን አለመሆኑን ያውቃሉ።

በኛ አገር ዘመናዊው ቅርጻ ቅርጽ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ቋንቋ ሆኖ ነው የኖረው፤ ብዙ ጊዜም የተናገሩት የውጭ ሰዎች ናቸው። ለገሃር ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ የፈረንሳዊው የጆርጅ ጋርዴ ሥራ ነው። ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት ቅርጽ የሠሩት ዩጎዝላቪያውያኑ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። በደርግ ዘመን የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ እገዛ ቆመ፤ የሌኒን ሐውልት ቆሞ በ1983 ዓ.ም. ወረደ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቀራጺዎችን ሲያስመርቅ ዋናው ደንበኛ መንግሥት፣ ቀጥሎም ቤተ ክርስቲያንና ማዘጋጃ ቤት ነበሩ። እንደ እርስዎ ያለ፣ ለራሱ ግቢ ብሎ የሚገዛ ሰው ጥቂት ነበር፤ ዛሬም ብዙ አይደለም። ብዙዎቹ ቀራጺዎች የሰው ምስል በትልቁ ለመሥራት የሚታገሉት ለዚህ ነው፤ ትዕዛዙ ከዚያ ነው የሚመጣው። ከአንድ ወጣት ቀራጺ ላይ ለማንም ያልታዘዘ፣ ለራሱ የሠራውን ሥራ ቢገዙት ሌላ ነገር የመሞከሪያ ጊዜ እየገዙለት ነው።

ወደ አባ ኮዳው እንሂድ። ባለቤትዎ «የጋራዥ ትራፊ» ማለታቸው አያስወቅሳቸውም፤ የአሜሪካ ጉምሩክም ስለ ሌላ ወፍ ተመሳሳይ ነገር ብሎ ፍርድ ቤት ቆሟል። ሩማኒያዊው ኮንስታንቲን ብራንኩሲ የሮዳን ረዳት ሆኖ ጥቂት ቆይቶ በ1907 ትቶት የወጣ ሰው ነው። በ1926 ከነሐስ የተሠራ አንድ ወፉ ኒውዮርክ ወደብ ደረሰ። ክንፍ የለውም፣ ምንቃር የለውም፤ ወደ ላይ የሚምዘገዘግ፣ እንደ መስታወት የተወለወለ አንድ ቀጭን ቅርጽ ብቻ ነው። የሥነ ጥበብ ሥራ ከቀረጥ ነፃ ይገባ ነበር፤ ጉምሩኩ ግን ይህ ጥበብ ሳይሆን የብረታ ብረት ዕቃ ነው ብሎ 40 በመቶ ቀረጥ ጣለበት። ክርክሩ ሁለት ዓመት ፈጅቶ በ1928 ለብራንኩሲ ተፈረደ። ዳኞቹ ያሉት ፍሬ ነገር፣ ተፈጥሮን ከመቅዳት ይልቅ ረቂቅ ሐሳብን ለመግለጽ የሚሞክር አዲስ የጥበብ ወገን መኖሩን ወደዱትም ጠሉት መካድ አይቻልም የሚል ነው።

ብራንኩሲ ግን ገና የፈላፊዎች ወገን ነበር። ሦስተኛውን መንገድ የከፈተው ፓብሎ ፒካሶ በ1912 ካርቶን ቆራርጦ፣ በገመድ አያይዞ የሠራው ጊታር ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በላሜራና በሽቦ ደገመው። አልተፈለፈለም፣ በጭቃም አልተበጀም፤ ተገጣጠመ። ውስጡም ባዶ ሆኖ ባዶነቱ ራሱ የቅርጹ ክፍል ሆነ። ስፔናዊው ኹሊዮ ጎንዛሌዝ ደግሞ በ1918 በሬኖ ፋብሪካ ሲሠራ የኦክሲ አሴቲሊን ብየዳ ተማረ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ያንን ሙያ ከፒካሶ ጋር ሆኖ ወደ ጥበብ አመጣው። ያኔ ቅርጻ ቅርጽ ክብደቱን ጣለ፤ ብረት በአየር ላይ እንደ ብዕር መስመር መሳል ጀመረ። ፈረንሳዊው ማርሴል ዱሻም በ1917 የመጸዳጃ ቤት ዕቃ አንሥቶ «ይህም ጥበብ ነው» ሲል ነገሩ ወደ ሌላ ጥግ ተገፋ፦ መምረጥ ብቻውን ሥራ ሆነ። የእንግሊዙ ቴት ሙዚየም ከአሜሪካዊው ካርል አንድሬ የገዛቸው 120 ጡቦች፣ ወለል ላይ በሥርዓት የተደረደሩ፣ በ1976 የእንግሊዝ ጋዜጦችን አስጮኸዋል። እኔ በግሌ ጡቦቹን እወዳቸዋለሁ፤ ለእንግዳ ማረፊያ ግን አልመክርዎትም፤ ዘበኛው ለግንብ ሥራ ያነሳቸዋል።

የእርስዎ በያጅ የቆመው በዚህ የመገጣጠም መስመር ላይ ነው፤ ዕድለኛም ነው፣ በአህጉራችን መስመሩ በጣም ለምቷል። ጋናዊው ኤል አናትሱይ በናይጄሪያ ንሱካ ተቀምጦ የመጠጥ ጠርሙስ ቆርኪዎችን እየደፈጠጠና በመዳብ ሽቦ እያያያዘ ግድግዳ የሚያለብሱ ብርድ ልብስ የመሰሉ ሥራዎች ሠርቷል፤ በ2015 በቬኒስ ቢየናሌ (በጣሊያን በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው የሥነ ጥበብ ትርኢት) ለሕይወት ዘመን ሥራው ወርቃማው አንበሳ ተሸልሟል። የእኛው ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሚሰበስበውን የኮምፒውተር ማዘር ቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየሸመነ ትልልቅ ሰሌዳ ይሠራል። አዲስ አበባ ሲሄዱ እሱና መስከረም አሰግድ የመሠረቱትን ዞማ ሙዚየምን ሳያዩ አይመለሱ። የሁለቱም ኃይል ዕቃው የወደቀ መሆኑ አይደለም። ቆርኪው ቆርኪ መሆኑን ሳይተው ጨርቅ ሆኗል፤ ሽቦውም ሽቦነቱን ሳይደብቅ ከአውሮፕላን የታየ ማሳ መስሏል።

በዚህ ሚዛን የአባ ኮዳዎን ፎቶግራፍ አየሁት። ከትከሻው የወረደው ክንፍ የባሌስትራ ንጣፍ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ እያነሰ የሚደራረበው ብረት የላባ አደራደርን ያለ ምንም ማጭበርበር ሰጥቷል፤ ባሌስትራውም መኪና የተሸከመበትን ጉብጠት እንደያዘ ነው፣ ወፉን ያንን በሐዋሳው አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ የምናውቀውን ኮት የለበሰ ሽማግሌ አስመስሎታል። ይህን ያደረገ ሰው ያያል። አንገቱ የሞላ (የስፕሪንግ) ጥምዝ መሆኑም መልካም ነው፤ ነፋስ ሲነካው ትንሽ ይነቃነቃል ብዬ እገምታለሁ። ዓይኑ ግን አልጣመኝም። ኩሽኔታ ዓይን ማድረግ ብረት የሚበይድ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ የተመረጠ ሳይሆን የተለመደ ነው። ደረቱ ላይ የደረደራቸው ማርሾችም ለጌጥ የገቡ ናቸው፤ ቢነሱ ወፉ ምንም አይጎድልበትም። አንድን ክፍል በሐሳብዎ ያንሱት፤ ሥራው ካልጎደለ ያ ክፍል ትራፊ ነው። ለባለቤትዎ የሚሰጡት መልስ ይህ ነው፤ በከፊል ትክክል ናቸው፣ ስለ ደረቱ።

ፎቶግራፉ ፊቱን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሄደው ወደ ኋላው ይዙሩ። ደካማ ቀራጺ ለፎቶግራፍ ይሠራል፣ ጀርባው ላይ ብየዳው እንዳበጠ፣ ጥቁር ቅርፊቱ ሳይራገፍ ይቀራል። ብየዳውን በቅርብ ይዩት፦ ከሁለቱም ብረት ጋር የተዋሐደ ነው ወይስ ላዩ ላይ የተንጠባጠበ? በሁለት እጅ ይዘው ወደ ጎን ግፉት። ማረፊያዎ ልጆች ይዘው የሚመጡ እንግዶች አሉት፤ ልጅ ደግሞ ወፍ ካየ ይወጣበታል። በፎቶው ላይ እግሮቹ ቀጭን ፌሮ ይመስላሉ፤ ለዚህ ክብደት አልወደድኳቸውም። በወፍራም ላሜራ ላይ ተበይዶ፣ ላሜራው በአራት ቡሎን ኮንክሪት ውስጥ እንዲታሰር ቀራጺውን ይጠይቁት። ሌላው ሰው የማያስበው ነገር ውኃ ነው። ዝግ ቱቦና ጎድጓዳ ክፍል ሁሉ ዝናብ ያጠራቅማል፤ ብረቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል፤ የሚያውቁት ሲወድቅ ነው። በየጎድጓዳው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በድሪል ይውጣለት። አልሙኒየም ከብረት ጋር የተነካካበት ቦታ ካለም በእርጥበት ጊዜ አልሙኒየሙ ቶሎ ይበላል፤ መሐላቸው ጎማ ይግባ።

ዝገቱን በተመለከተ ከቀራጺው ጋር ይነጋገሩ እንጂ በራስዎ አይወስኑ። አንዳንዱ ዝገቱን እንደ ቀለም ፈልጎት ነው፤ ያኔ ተቦርሾ በሰም ይታሸጋል። ካልፈለገው ዝገቱ ተፍቆ አንቲረስት ይቀባል። የሐዋሳ እርጥበት ግን ለሁለቱም ፋታ አይሰጥም፤ ከክረምት በፊትና በኋላ መመርመር የግድ ነው። በነገራችን ላይ እውነተኞቹ አባ ኮዳዎች የብረቱ አባ ኮዳ ዋነኛ ጠላቶች ናቸው። ከዛፍ ሥር ካቆሙት ኩሳቸው ሰሙንም፣ ቀለሙንም፣ ነሐስም ቢሆን ገጹን ይበላዋል። ከዛፍ ያርቁት፤ ሲያርፍበት ቶሎ በውኃና በለስላሳ ብሩሽ ይጠቡት፣ በረኪና አይንኩት። ወደፊት እንጨት ከገዙ መሬት እንዳይነካ ያድርጉ፣ ምስጥ አይምርም። ጀሶ ደግሞ ጨርሶ ከቤት አይውጣ።

ስለ ወረቀት። ከቀራጺው ጋር በአንድ ገጽ ላይ ይፈራረሙ፦ ስሙ፣ የሥራው ርዕስ፣ ዓመቱ፣ የተሠራበት ቁስ በትክክለኛ ስሙ፣ ልኩ፣ ክብደቱ፣ የቅጂው ቁጥር ወይም «አንድ ብቻ» የሚል ቃል፣ አጠባበቁ፣ ዋጋው። ከአራት አቅጣጫና ከሥሩ ፎቶግራፍ ይያያዝ። ዋጋው ሲነገርዎት የቁሱን፣ የበያጁን ወይም የማቅለጫውን፣ የማጓጓዣውንና የቀራጺውን ድካም ለይቶ እንዲነግርዎት ይጠይቁ። ለመከራከር ብለው አይደለም፤ ቁሱ ከዋጋው አብዛኛውን ከያዘ የሚገዙት ብረት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ እርስዎን በቀጥታ ይመለከትዎታል። ዕቃውን መግዛት የማባዛት መብትን መግዛት አይደለም፤ የቀራጺው መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። አባ ኮዳውን የማረፊያዎ ምልክት አድርገው በሰሌዳና በፎጣ ላይ ሊያትሙት ካሰቡ አሁን በውሉ ላይ ያስፈቅዱ። ቀለሙን መለወጥ ወይም ምንቃሩን ማሳጠርም የሥራውን ክብር ስለሚነካ ያለ እሱ ፈቃድ አይሆንም። ወደ ውጭ አገር ሊልኩት ቢፈልጉ፣ አዲስ ሥራም ቢሆን፣ ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ወረቀት አስቀድመው ከቅርስ ባለሥልጣን ያውጡ።

ስብስብ ለመጀመር ግቢ መሙላት አያስፈልግም። የብረት ወፍ ከገዙ በኋላ አሥር የብረት ወፍ ይመጣልዎታል፤ ወሬው ቶሎ ይሄዳል። ሁሉንም ይመልሱ። ከዚያው ቀራጺ ማኬቱን ይጠይቁት፤ ከትልቁ ሥራ በፊት የሞከረበትን በእጅ የሚያዝ ትንሽ ሞዴልና የወረቀት ንድፉን። ርካሽ ናቸው፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፣ ያ ሰው እንዴት እንዳሰበ የሚያሳዩትም እነሱ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ከትልቁ ሥራ የሚሻሉ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ከዚያ በሁለትና በሦስት ዓመት አንዴ ከእሱ አንድ ሥራ፣ ከሌላ አሠራር ደግሞ አንድ ይጨምሩ፤ አንድ ከድንጋይ ወይም ከወይራ የተፈለፈለ፣ አንድ በሸክላ የተበጀ።

ውሳኔዬ ይህ ነው። አባ ኮዳውን ይግዙት፤ እግሩ ይለወጥ፣ ቀዳዳዎቹ ይውጡ፣ ስለ ደረቱም ቀራጺውን ያናግሩት፤ ካልተስማማ ግን አያስገድዱት። ወደ ሥራ ቦታው ሲሄዱ ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱ፤ የእሳቸው ዓይን ይጠቅምዎታል። በመደብ ላይ አያውጡት፤ መንገደኛው በሚያልፍበት ደረጃ መሬት ላይ ይቁም። ለእናትና ልጁ ገና ቀብድ አይክፈሉ። የማግኔቱን ውጤት፣ የሥሩን ፎቶግራፍና ቀራጺው ስለ ቅጂው ብዛት የሰጠዎትን መልስ ይላኩልኝ፤ ስለ ዋጋው ያን ጊዜ እንነጋገራለን።